ለጊታር አምፕሊፋየር ካፓሲተር ሲመረጥ ከስሙ በፊት ቮልቱ ይታይ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በአዲስ አበባ መሀል፣ ከፒያሳ እስከ ብሔራዊ ቴአትር ባለው አካባቢ፣ የሙዚቃ መሣሪያና የድምፅ ማጉያ በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በቫልቭ (ድምፅን በሚያጎላ የመስታወት ቱቦ) የሚሠራ የጊታር አምፕሊፋየር በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ወጣቶች እየበዙ መምጣታቸውን በደስታ እመለከታለሁ። ከውጭ የሚገባው ዕቃ በምንዛሪና በቀረጥ ምክንያት ለአብዛኛው ሙዚቀኛ የማይቀመስ በሆነበት በዚህ ጊዜ፣ ትራንስፎርመር አስጠቅልሎ፣ የብረት ሻንሲ (ዕቃዎቹ የሚታሰሩበት ሣጥን) አስበስቶ፣ ቫልቭ አፈላልጎ የራሱን አምፕሊፋየር የሚያቆም ወጣት ሊበረታታ ይገባዋል። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በእነዚሁ ሥራዎች ላይ ደጋግሜ የማየው፣ ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ሕይወትንም ሊያስከፍል የሚችል አንድ ጉዳይ፣ ማለትም የካፓሲተር (የኤሌክትሪክ ክምችት ይዞ የሚያቀብል ዕቃ) አመራረጥ፣ በአንባቢዎችዎ ዘንድ ተገቢው ትኩረት እንዲሰጠው ስለፈለግሁ ነው።

ወጣቶቹ ካላቸው ገንዘብ ከፍ ያለውን ድርሻ የሚያወጡት ድምፁን ከአንዱ ቫልቭ ወደ ሌላው በሚያሻግሩት ትንንሽ ካፓሲተሮች ላይ ነው። ስም ያለው፣ በዘይት የተነከረ፣ ወይም በድሮ አምፕሊፋየሮች ውስጥ ይገኝ የነበረ መልክ ያለው ካፓሲተር በውጭ አገር በሚኖር ዘመድ በኩል ያስልካሉ። ገንዘቡ በዚህ ካለቀ በኋላ፣ የኃይል ክፍሉን ከፍተኛ ቮልት ለሚሸከሙት ትልልቅ ካፓሲተሮች መርካቶ፣ ሚናለሽ ተራ ወርደው ከተጣለ ቴሌቪዥን የተነቀለውን ይገዛሉ። በእኔ እምነት ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። ገንዘቡ መጀመሪያ መዋል ያለበት የኃይል ክፍሉን በሚያጣሩት ካፓሲተሮች ላይ ነው። ድምፅ አሻጋሪዎቹ ትክክለኛ መጠን (በማይክሮፋራድ የሚለካ የመያዝ አቅም) እና በቂ ቮልት ያላቸው፣ አዲስና ጤነኛ እስከሆኑ ድረስ ተራ የፕላስቲክ ፊልም ካፓሲተሮች ቢሆኑ ይበቃል።

ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት የኃይል ክፍሉን አስቀድማለሁ። ቫልቭ ከሦስት መቶ እስከ አራት መቶ ሃምሳ የሚደርስ ቀጥተኛ ቮልት ይፈልጋል። ይህ ኃይል ከግድግዳው የሚመጣው እየተመላለሰ ስለሆነ፣ በሬክቲፋየር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተመለሰ በኋላም በየቅጽበቱ ከፍና ዝቅ ይላል። ትልቁ ካፓሲተር ልክ በየቤታችን ጣሪያ ላይ እንዳለው ሮቶ፣ ኃይሉ ሲመጣ ይሞላና ሲጎድል ያቀብላል። ይህ ካፓሲተር ከደከመ በድምፅ ማጉያው ውስጥ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ይሰማል፤ ከተቃጠለ ደግሞ ሬክቲፋየሩንና አንዳንዴም ትራንስፎርመሩን ይዞ ይሄዳል። ትራንስፎርመር አስጠቅልሎ ለማግኘት የሚወጣውን ወጪና የሚፈጀውን ጊዜ የሚያውቅ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከስሌቱ ነው። ትራንስፎርመሩ ለሬክቲፋየሩ የሚሰጠው 325 ቮልት ነው ተብሎ ሲጻፍ፣ ካፓሲተሩ የሚሞላው እስከ 325 አይደለም፤ የሚሞላው እስከ ሞገዱ ጫፍ፣ ማለትም 325 በ1.414 ተባዝቶ እስከሚገኘው 460 ቮልት ገደማ ነው። ዳዮድ ወይም ቶሎ የሚሞቀው 5ዋይ3 ሬክቲፋየር በተገጠመበት አምፕሊፋየር ውስጥ፣ የኃይል ቫልቮቹ ሞቀው ኮረንቲ መሳብ እስኪጀምሩ ድረስ ባሉት ሰከንዶች ካፓሲተሩ ይህንን ሙሉ ጫፍ ብቻውን ይሸከማል። በዚህ ላይ የከተማችን መብራት ሁልጊዜ በ220 ላይ እንደማይረጋ ይታወቃል። ከመስመሩ የሚመጣው በአሥር በመቶ ከፍ ቢል፣ ጫፉ ከ505 ቮልት ያልፋል። እንግዲህ 450 ቮልት የተጻፈበት ካፓሲተር ለእንዲህ ያለ ሥራ አይበቃም ማለት ነው፤ 400 የተጻፈበትማ ጭራሽ ለንግግር የሚቀርብ አይደለም።

ከቴሌቪዥን የተነቀለው ካፓሲተር አብዛኛውን ጊዜ 400 ቮልት የተጻፈበት መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። የቴሌቪዥኑ የኃይል ክፍል 220ውን በቀጥታ ስለሚያቀና፣ የሚያጋጥመው ጫፍ 311 ቮልት ገደማ ብቻ ነው፤ ለዚያ ሥራ 400 በቂ ትርፍ አለው። ያንኑ ዕቃ አምጥቶ 460 ቮልት ላይ መስቀል ግን፣ በተለይ ለዓመታት በጋለ ሣጥን ውስጥ ከሠራ በኋላ፣ አደጋን በገንዘብ መግዛት ነው። እንዲህ ያለ ካፓሲተር መጀመሪያ አናቱ ያብጣል፣ ቀጥሎ ከሥሩ ቡናማ ፈሳሽ ያወጣል፣ በመጨረሻም ይፈነዳል። ሲፈነዳ የሚረጨው ፈሳሽ ዓይን ውስጥ ከገባ ጉዳቱ ከባድ ስለሆነ፣ አዲስ የተሠራን አምፕሊፋየር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያበሩ ፊትን ወደ ሻንሲው አስጠግቶ ማየት ፈጽሞ አይገባም።

አምስት መቶ ቮልት የሚችል ካፓሲተር በገበያችን ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑን አውቃለሁ። መውጫ መንገዱ ግን በድሮዎቹ የፌንደር ትዊን ሪቨርብ አምፕሊፋየሮች ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፋብሪካው ሁለት ባለ 350 ቮልት ካፓሲተሮችን በተከታታይ አያይዞ፣ በእያንዳንዱ ላይ ባለ 220 ኪሎኦም ሬዚስተር አጋድሞ ይሠራ ነበር። በዚህ ዓይነት የተያያዙ ሁለት ባለ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች በጋራ 50 ማይክሮፋራድ ይሆናሉ፤ የሚችሉት ቮልት ደግሞ 700 ይደርሳል። ሬዚስተሮቹ የግድ ናቸው፤ ያለ እነሱ ሁለቱ ካፓሲተሮች ቮልቱን እኩል ስለማይካፈሉ ደካማው ከአቅሙ በላይ ይሸከማል። ሌላም ጥቅም አላቸው፤ አምፕሊፋየሩ ከጠፋ በኋላ የቀረውን ክምችት በሁለት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ያፈሱታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠነቅቅ። ከሁለቱ የላይኛው ካፓሲተር የአሉሚኒየም ገላው ከሻንሲው አንጻር የጠቅላላውን ቮልት ግማሽ ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ የፕላስቲክ ልብሱ ተቀዶ ከሻንሲው ወይም ከእጅ ጋር እንዳይነካካ ያስፈልጋል።

መጠኑን በተመለከተም ከውጭ የተገኘን ንድፍ እንዳለ መገልበጥ አይበቃም። አብዛኞቹ ታዋቂ ንድፎች የተሠሩት በአሜሪካ፣ የመብራቱ ሞገድ በሰከንድ 60 ጊዜ በሚመላለስበት አገር ነው። የእኛ 50 ነው። በሁለቱ የሞገድ ጫፎች መካከል ያለው ጊዜ እዚህ ስለሚረዝም ካፓሲተሩ ብቻውን የሚያቀብልበት ጊዜም ይረዝማል። አንድ አምፕሊፋየር 100 ሚሊአምፔር ቢስብና የመጀመሪያው ካፓሲተር 40 ማይክሮፋራድ ቢሆን፣ በግምት በ60 ሄርዝ 21 ቮልት የሚሆነው መዋዠቅ በ50 ሄርዝ ወደ 25 ቮልት ያድጋል። ስለዚህ 40 በተጻፈበት ቦታ 47 ወይም 50 ማይክሮፋራድ ማስገባት አስተዋይነት ነው።

ይህን ስል ግን ጉርምርምታን ለማጥፋት ብለው 220 ማይክሮፋራድ የሚሰቅሉትን መደገፌ አይደለም። ሬክቲፋየሩ ቫልቭ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ሊሸከመው የሚችለው የካፓሲተር መጠን ገደብ አለው። ለ5ዋይ3 ገደቡ 20 ማይክሮፋራድ አካባቢ ነው፤ ለጂዜድ34 ደግሞ የሙላርድ ፋብሪካ ያስቀመጠው 60 ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ በእያንዳንዱ ሙሌት የሚያልፈው ኮረንቲ ስለሚበረታ ቫልቩ ውስጡ ብልጭ ይልና ይሞታል። ተጨማሪ ማጣሪያ የሚያስፈልገው ሰው ከቾኩ (መዋዠቁን ከሚገታው የሽቦ ጥቅል) ወይም ከሬዚስተሩ ወዲያ ያለውን ሁለተኛውን ካፓሲተር ያሳድግ።

የሙቀት ጉዳይ ደግሞ አለ። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ውስጡ እርጥብ ነው፤ ሙቀት ያደርቀዋል። በገላው ላይ 85 ወይም 105 ዲግሪ የሚል ጽሑፍ ይገኛል። በዘርፉ የተለመደው ስሌት ሙቀቱ በየ10 ዲግሪ ሲቀንስ ዕድሜው እጥፍ ይሆናል የሚል ነው። በዚህ መሠረት ለ2,000 ሰዓት ዋስትና ያላቸው ሁለት ካፓሲተሮች 65 ዲግሪ በሆነ ሣጥን ውስጥ ቢሠሩ፣ ባለ 85ቱ ወደ 8,000 ሰዓት፣ ባለ 105ቱ ደግሞ ወደ 32,000 ሰዓት ያገለግላሉ። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት ብለን መዘናጋት የለብንም፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀትን ከዕቃው ላይ የመውሰድ ችሎታውም ይቀንሳል። ካፓሲተሩን ከኃይል ቫልቮቹና ከትልልቅ ሬዚስተሮች ማራቅ ምንም ወጪ የለውም።

ሲገዙም ዕቃውን በእጅ ይዞ መመርመር ተገቢ ነው። እውነተኛ የ47 ማይክሮፋራድ ባለ 450 ቮልት ካፓሲተር በዲያሜትር ወደ 16 ወይም 18 ሚሊሜትር፣ በቁመትም 30 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚህ እጅግ ያነሰ፣ ወይም በእጅ ሲይዙት ቅልል ያለ ከሆነ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ሁሉ ሊታመን አይገባም። በመደርደሪያ ላይ ለዓመታት የቆየ አዲስ ካፓሲተርም ቢሆን በቀጥታ ሙሉ ቮልት አይሰጠውም። በውስጡ ያለው ስስ የኦክሳይድ ንጣፍ ያለ ሥራ ሲቀመጥ ስለሚሳሳ፣ በ100 ኪሎኦም ሬዚስተር በኩል ቮልቱን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረጉ ንጣፉ እንዲመለስ ማድረግ ያስፈልጋል።

አሁን ወጣቶቹ ብዙ ወደሚከራከሩበት ወደ ድምፅ አሻጋሪው ካፓሲተር እመጣለሁ። የዚህ ካፓሲተር ሥራ ሁለት ነው። በፊተኛው ቫልቭ ፕሌት (የጎላው ድምፅ በሚወጣበት ክፍል) ላይ ያለውን ሁለት መቶ የሚሆን ቀጥተኛ ቮልት ያግዳል፤ የጊታሩን ድምፅ ግን ያሳልፋል። የሚያሳልፈው ዝቅተኛ ድምፅ የሚወሰነው በካፓሲተሩ መጠንና ከኋላው ባለው ሬዚስተር ነው። 0.022 ማይክሮፋራድ ከ220 ኪሎኦም ጋር ሲሆን ድምፁ መቀነስ የሚጀምረው በ33 ሄርዝ አካባቢ ነው። የጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር ሳይጫን ሲመታ 82 ሄርዝ ነው። የካፓሲተሩ መጠን ከተጻፈው በ20 በመቶ ቢያንስ ወይም ቢበልጥ፣ ገደቡ ከ27 እስከ 41 ሄርዝ ባለው ክልል ውስጥ ይንቀሳቀሳል እንጂ ጊታሩ ወዳለበት አይደርስም። እንግዲህ የብዙ ብር ልዩነት ያላቸው ሁለት ካፓሲተሮች መጠናቸው እኩል ሆኖ ሁለቱም የማያፈሱ ከሆኑ፣ በዚህ ቦታ ላይ የሚያመጡት ልዩነት በሞቀ ምሽት፣ ከከበሮና ከሳክስፎን አጠገብ ለተቀመጠ ሰው የሚሰማ ነው ብዬ አላምንም።

መጠኑን መለወጥ ግን በእርግጥ ይሰማል። ያንኑ ቦታ በ0.0022 ማይክሮፋራድ ቀይረን ከ470 ኪሎኦም ጋር ብናደርገው ገደቡ ወደ 154 ሄርዝ ይወጣል፤ ወፍራሞቹ ክሮች ይቀጥናሉ፣ ድምፁም አምፕሊፋየሩ ሲጨነቅ ከመዝረክረክ ይድናል። በካቶዱ (ኤሌክትሮን በሚያመነጨው የቫልቩ ክፍል) ላይ ያለው ካፓሲተርም እንዲሁ ነው። ፌንደሮች በ1.5 ኪሎኦም ላይ 25 ማይክሮፋራድ ሲያደርጉ ከታች እስከ ላይ ሁሉም ድምፅ እኩል ይጎላል፤ ማርሻሎች በ2.7 ኪሎኦም ላይ 0.68 ሲያደርጉ መካከለኛውና ቀጭኑ ድምፅ ተለይቶ ይወጣል። በድምፅ ቃና መቆጣጠሪያው ውስጥ ያለው ትንሽ ካፓሲተር በፌንደር 250 ፒኮፋራድ፣ በማርሻል 470 ወይም 500 ሲሆን፣ ሁለቱ አምፕሊፋየሮች ለጆሮ ከሚለዩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። የራሱን ድምፅ የሚፈልግ ሙዚቀኛ በጥቂት ብር የተለያየ መጠን ያላቸውን እየለዋወጠ ቢሞክር፣ በአንድ ውድ ካፓሲተር ከሚያገኘው እጅግ የሚበልጥ ያገኛል። ለዚህ ትንሽ ካፓሲተር ሲልቨር ማይካ ወይም ሲ-ዜሮ-ጂ የሚባለው ሴራሚክ ይመረጣል፤ ሌሎች ርካሽ ሴራሚኮች ቮልቱ ሲቀያየር መጠናቸው ስለሚዋዥቅና ሲነኩም ድምፅ ስለሚያሰሙ ከድምፅ መንገድ ቢርቁ ይሻላል።

ስለ አሮጌ ካፓሲተሮች በተለይ መናገር የምፈልገው አለኝ። የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች በ2016 ዓ.ም. ሲፈርሱ፣ ከየቤቱ ጓዳ ወጥተው ወደ ጠጋኞች ጠረጴዛ የመጡ የቫልቭ ሬዲዮኖች ነበሩ። ቫልቮቻቸውና ትራንስፎርመሮቻቸው ዛሬም ሊያገለግሉ ይችላሉ፤ ካፓሲተሮቻቸው ግን አይሆኑም። በዚያ ዘመን ይሠሩ የነበሩት የወረቀት ካፓሲተሮች፣ ሰም ቢቀቡም ዘይት ቢነከሩም፣ እርጥበት ስበው ቀጥተኛውን ቮልት ማፍሰስ ይጀምራሉ። አንድ ወጣት ከእንዲህ ያለ ሬዲዮ የነቀላቸውን ሁለት የወረቀት ካፓሲተሮች ከኃይል ቫልቮቹ በፊት ያስገባበትን አምፕሊፋየር አምጥቶልኝ ነበር። ሲበራ ድምፁ ያምራል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን የአንደኛው የኃይል ቫልቭ፣ የ6ቪ6፣ ፕሌት ቀልቶ መታየት ይጀምራል። በመልቲሜትር የቫልቩን አምስተኛ እግር፣ ማለትም ድምፁ የሚገባበትን ግሪዱን ስለካ፣ ከዜሮ በታች 35 ቮልት መሆን ሲገባው ከዜሮ በታች 20 ብቻ ነበር። የካፓሲተሩን አንድ ጫፍ ነቅዬ ስለካ ወዲያው ወደ 35 ተመለሰ። አሥራ አምስቱን ቮልት በግሪዱ ላይ እየጨመረ ቫልቩን ከመጠን በላይ ያሠራው የነበረው ያ ሰም የተቀባ ካፓሲተር ነው። በተራ ባለ 630 ቮልት የፖሊስተር ካፓሲተር ስንተካው ፕሌቱ ጠቆረ፣ ድምፁም እንደነበረ ቀጠለ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር ቢኖር፣ ካፓሲተሩን በመልቲሜትር መለኪያ መጠኑን አይተው ደህና ነው ማለታቸው ነው። መለኪያው የሚጠቀመው ጥቂት ቮልት ብቻ ስለሆነ በሁለት መቶ ቮልት ላይ የሚታየውን ፍሳሽ ሊያሳይ አይችልም። የሚያፈስ ካፓሲተር የሚታወቀው በሥራ ላይ እያለ፣ ወደ ግሪድ የሚሄደው ጫፍ ተነቅሎ ከሻንሲው አንጻር ቀጥተኛ ቮልት ሲለካ ነው። ጤነኛው ወደ ዜሮ ይጠጋል።

የድሮውን የአዲስ አበባ ድምፅ ፍለጋ ከሆነ ጉዳዩ፣ ፍላጎቱን እኔም እጋራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በወጡት ሸክላዎች ላይ ያለው የጊታር አጨዋወት ዛሬም ልቤን ይነካዋል። ነገር ግን በዚያ ዘመን አምፕሊፋየር ይሠሩ የነበሩ ፋብሪካዎች ያስገቡት ካፓሲተር በጊዜው በገበያ የነበረውን ነው። ዘይትና ወረቀት የተጠቀሙት ፕላስቲክ ፊልም ገና ስላልተስፋፋ ነበር፤ ሲስፋፋም ወደ ፖሊስተር አለፉ። ያ ድምፅ ከተጫዋቾቹ እጅ፣ ከድምፅ ማጉያው ወረቀት፣ ከትራንስፎርመሩና ከተቀረጸበት ክፍል የመጣ ነው። በገንዘቡ ጥሩ ድምፅ ማጉያ የገዛ ወጣት ለዚያ ድምፅ ይበልጥ ይቀርባል።

ክቡር አዘጋጅ፣ ከሁሉ በላይ እንዲታወቅልኝ የምፈልገው ቀጥሎ ያለውን ነው። ከአሜሪካ በመጡ አሮጌ አምፕሊፋየሮች ውስጥ፣ እነሱንም አስመስለው በሚሠሩ ንድፎች ላይ፣ ከመብራቱ መስመር ወደ ሻንሲው የተዘረጋ 0.047 ወይም 0.05 ማይክሮፋራድ የሚሆን ካፓሲተር ይገኛል። ሁለት ሽቦ ብቻ ባለው ገመድ ዘመን ጉርምርምታን ለመቀነስ ታስቦ የገባ ነው። ጤነኛ ሆኖ እንኳ በእኛ 220 ቮልት ከ3 ሚሊአምፔር በላይ ወደ ሻንሲው ያሳልፋል፤ ይህም ጣትን የሚነዝር ነው። የተበላሸ ዕለት ግን የመብራቱ ሙሉ ኃይል ወደ ሻንሲው፣ ከሻንሲው ወደ ጊታሩ ክሮች ይደርሳል። ጊታሩን የያዘው ሰው ከንፈሩን ወደ ማይክሮፎን ባስጠጋበት ቅጽበት ኮረንቲው ከእጁ ወደ አፉ፣ በደረቱ በኩል ያልፋል። ሁለት ክብ እግር ያለው የእኛ ሶኬት ደግሞ ገመዱ በየትኛውም አቅጣጫ እንዲገባ ስለሚፈቅድ፣ ዛሬ ያልነዘረው ነገ ሊይዝ ይችላል።

ይህ ካፓሲተር በምንም መልኩ በሌላ ውድ ካፓሲተር ሊተካ አይገባውም፤ ተነቅሎ መውጣት አለበት። በቦታው ሦስተኛ የመሬት ሽቦ ያለው ገመድ ይገባል፤ የመሬት ሽቦውም ከሻንሲው ጋር በብሎን ይታሰራል። በመስመሩ ላይ ጣልቃ ገብ ድምፅን የሚያጣራ ካፓሲተር የግድ ካስፈለገ፣ በሁለቱ የመብራት ሽቦዎች መካከል ኤክስ የሚል ምልክት ያለው፣ ከመስመር ወደ ሻንሲ ደግሞ ዋይ የሚል ምልክት ያለው ብቻ ይፈቀዳል። እነዚህ ለዚሁ ሥራ ተለይተው የተፈተኑ ናቸው። ስድስት መቶ ቮልት የተጻፈበት ተራ ካፓሲተር ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ለዚህ ቦታ አልተሠራም። ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢሆን መሣሪያዎቹ በሙሉ የመሬት መስመር በሌለው ዲቫይደር ላይ ከተሰኩ፣ ወይም ከ220 ወደ 110 የሚቀንሰው ትራንስፎርመር የመሬት ሽቦውን የማያሳልፍ ከሆነ፣ ጥበቃው ዋጋ የለውም። የምሽት ክበብና የአዳራሽ ባለቤቶች የመድረክ ሶኬቶቻቸው እውነተኛ የመሬት መስመር እንዳላቸው በባለሙያ ቢያስመረምሩ የሙዚቀኞቻቸውን ሕይወት ይጠብቃሉ።

የጠፋ አምፕሊፋየርም አደገኛ ነው። በ450 ቮልት የተሞላ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ገመዱ ከተነቀለ በኋላም 10 ጁል የሚሆን ክምችት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሻንሲውን ከመንካት በፊት ባለ 10 ኪሎኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ ይዞ በካፓሲተሩ ሁለት ጫፎች መካከል ለአሥር ሰከንድ ያህል ማቆየት፣ ከዚያም በመልቲሜትር ዜሮ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በጠመንጃ መፍቻ ማገናኘት ካፓሲተሩን ይጎዳል፤ ብልጭታውም እጅን ያቃጥላል። አምፕሊፋየሩ በርቶ እያለ የሚለካ ከሆነ ደግሞ አንድ እጅን ከሻንሲው አርቆ በሌላው ብቻ መሥራት የኖረ ልማድ ነው፤ ለጀማሪዎች ሁሉ ይነገር።

በእርስዎ ጋዜጣ በኩል ሁለት ወገኖችን ልጠይቅ እወዳለሁ። የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ የሚሸጡ ነጋዴዎች፣ ከአሮጌ ዕቃ የተነቀለ ካፓሲተር ሲሸጡ ለገዢው የተነቀለ መሆኑን እንዲነግሩ፣ በደረሰኙም ላይ መጠኑን ብቻ ሳይሆን ቮልቱንና የሙቀት ደረጃውን እንዲጽፉ እለምናለሁ። ተግባረ ዕድን የመሰሉ የቴክኒክ ማሠልጠኛዎች ደግሞ፣ ተማሪዎቻቸው ከ5 እና ከ12 ቮልት ሰርኪዩት ውጭ ከፍተኛ ቀጥተኛ ቮልት ያለበትን ዕቃ እንዴት እንደሚፈትኑና ክምችቱን እንዴት እንደሚያፈሱ የሚማሩበት አንድ የተግባር ክፍለ ጊዜ ቢመድቡ፣ ዛሬ በየቤቱ ብቻቸውን እየሞከሩ ላሉት ወጣቶች ትልቅ ድጋፍ ይሆናል። የድሮ ሬዲዮ ጥገና የሚያውቁ አንጋፋ ባለሙያዎች በከተማችን አሁንም ስላሉ፣ ለእንዲህ ያለ ክፍለ ጊዜ አስተማሪ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ከአክብሮት ጋር፣

የሙዚቃ መሣሪያና የድምፅ ማጉያ ጠጋኝ
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ